አያ ጅቦ ምት መብላት የተወ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ከጫካው ዳር በሚያልፈው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሲንገጫገጭ፣ ከላዩ ፒያኖ ወደቀና ቁልቁል እየተንከባለለ ወርዶ ሾላው ሥር ቆመ። ሲወርድ ያሰማውን ድምፅ ጫካው በዕድሜው ሰምቶት አያውቅም። መሬት ላይ የነበሩት ጦጣዎች ዛፍ ላይ ወጡ፤ ዛፍ ላይ የነበሩት ደግሞ ወረዱ። ፒያኖው ግን አንድ እግሩ ከመወልገዱ በቀር ደህና ነበር።

ቀድሞ ደርሶ ክዳኑን የከፈተው አያ ጅቦ ነው። ቁልፎቹ በረድፍ ተደርድረው ሲያይ አፉ ተከፈተ።

«ወይ ጉድ! ጥርሱ ይሄን ያህል ከሆነ ሥጋው የት አለ?»

ሊነክሰው ሲያጎነብስ አፍንጫው ቁልፉን ነካና ፒያኖው «ዲን!» አለ። አያ ጅቦ ወደ ኋላ ዘለለ። ተመልሶ መጣና በመዳፉ ነካው። «ዲን! ዲን!» በጣም ደስ አለው።

በዚያው ሰሞን አንበሳ ሴት ልጁን ሊድር ሽር ጉድ ይል ነበር። «በሠርጉ ላይ ይህን ዕቃ አሳምሮ የተጫወተልኝ፣ ሥጋው ለእሱ ቀድሞ ይቆረጥለታል» አለ። አያ ጅቦ ይህን ሰምቶ ዝም ሊል ነው? እየሮጠ ሄዶ ቀበሮን አስተማሪ አድርጎ ያዘ። ቀበሮ ፒያኖ አያውቅም፤ የሚያውቅ መምሰል ግን ያውቃል።

«ዘፈኑ ቀላል ነው» አለ ቀበሮ። «ሦስቴ ትመታለህ፣ አራተኛው ላይ ዝም ትላለህ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝም። በል ጀምር!»

«ዲንዲንዲንዲንዲንዲን!»

«ቆይ ቆይ! ዝምታዋ የት ሄደች?»

«የቷ ዝምታ?»

«አራተኛዋ ናታ! በላሃት እኮ!»

አያ ጅቦ ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ላሰ። «እኔ ምንም አልቀመስኩም።»

«ምት እየበላህ ነው አያ ጅቦ! ምት አይበላም!»

ጅቡ ከፋው። አይበላም የሚባል ነገር ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ቀበሮ ራሱን ሲያክ አህያ ትዝ አለችው። ይህች አህያ ከመንደሩ ወደ ወንዙ ስትመላለስ ዕድሜዋን የፈጀች ናት። ከጭነት ብዛት ሦስቴ ረግጣ አንዴ ቆም ብላ መተንፈስ ለምዶባታል። ቀበሮ ይህንን ለአንበሳ ነገረው፤ አንበሳም አስጠርቷት አዋጅ አወጀ።

«እመት አህያ እየተራመደች ለጅቡ ምት ትጠብቅለታለች። ሠርጉ እስኪያልቅ ድረስ እሷን የነካ እኔን ነካ!»

አህያ እጅ ነስታ ስትወጣ፣ እነዚያ ረጃጅም ጆሮዎቿ ቀበሮ ለጅቡ የሚያንሾካሹከውን ለቀሙ።

«‹እስኪያልቅ ድረስ› ነው ያለው፤ ሲያልቅስ? ሙሽራዋ ከተሸኘች አህያይቱ ያንተ ናት። ጉበቷን ብቻ ለእኔ።»

አህያ ነገሩን አወጣች አወረደች። እምቢ ብትል አንበሳ አለ፤ እሺ ብትል ጅብ አለ። ቢያንስ ሠርጉ እስኪያልቅ እኖራለሁ ብላ እሺ አለች።

ልምምዱ በማግስቱ ተጀመረ። አህያ ፒያኖው አጠገብ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትዞራለች፤ ጅቡ ኮቴዋን እየሰማ ይመታል። «ቋ፣ ቋ፣ ቋ»፣ ቆም። «ዲን፣ ዲን፣ ዲን»፣ ቆም። በዚሁ ቢቀጥል ማለፊያ ነበር። ነገር ግን የጅቡ ዓይን ወደ አህያዋ ዳሌ ሄደ፤ ምራቁም ቁልፉ ላይ ጠብ አለ። አህያ ይህን አየችና ደንግጣ ሶምሶማ ጀመረች። እሷ ስትሮጥ ሙዚቃው ሮጠ፤ ሙዚቃው ሲሮጥ እሷ ባሰባት። ቋቋቋቋ! ዲንዲንዲንዲን! ለማዳመጥ የመጡት ጦጣዎች አብረው ሲዘሉ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ቀበሮ ላይ ወደቀ።

«ምቱን ትታችሁ እኔን በላችሁኝ!» አለ ቀበሮ ከቅጠሉ ሥር።

አህያ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ ቆመች። ያን ጊዜ ጅቡም መዳፉን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀጥ አለ። ግራ ገብቷት አንድ እግሯን አነሳች፤ የጅቡ መዳፍ ከፍ አለ። እግሯን መለሰች፤ «ዲን!» አለ። አህያ ሳቋ መጣ።

«ለካ የሚሮጠው እኔ ስሮጥ ነው!» አለች በሆዷ።

ከዚያ ወዲያ ልቧ ቢደነግጥም እግሯ አልደነገጠም። ጅቡ ምራቁን እያዝረበረበ ሲያያት እንኳ ሦስቴ ረግጣ፣ ቆም ብላ ትተነፍሳለች። ብታምኑም ባታምኑም አያ ጅቦ ምት መብላት ተወ። ዝምታዋ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ለካ ይህችም ትጣፍጣለች!» ይል ጀመር።

የሠርጉ ዕለት ጫካው ቀለጠ። ከርከሮ ትከሻ የለውም ትሉ ይሆናል፤ እስክስታውን አወረደው! ጃርት ስትሽከረከር አጠገቧ ያሉት ሁሉ ዘለሉ፤ ከደስታ ይሁን ከእሾኳ አልታወቀም። ኤሊ በመጀመሪያው ዘፈን የጀመረችውን ዙር በመጨረሻው ጨረሰች። አራተኛዋ ላይ ሁሉም በአንድ ላይ ቀጥ ይላሉ፤ ወፉም ዝም ይላል፤ ከዚያ ጫካው እንደገና በእልልታ ይፈነዳል። አንበሳ ጎፈሩን እያራገፈ «ይደገም!» ይላል። ለጅቡ ቀድሞ የተቆረጠውን ሥጋ ቀበሮ «እኔ ላቆይልህ» ብሎ ወሰደው። በሆዱ ነበር ያቆየለት።

ሁሉም ሲጨፍር አህያ ብቻ እየዞረች ፀሐይዋን ታይ ነበር። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሙሽራዋ ተሸኘች። አንበሳም ጠግቦ ተኛ። ጅቡ ከፒያኖው ላይ መዳፉን አነሳና በባዶ ሆዱ ዞር አለ።

«እመት አህያ፣ ሠርጉ አለቀ አይደል?»

መንደሩ ቅርብ ነበር፤ ግን ብትሮጥ ጅብ ይቀድማታል። አህያ ፍርሃቷን ዋጠች። ፊቷን ወደ መንደሩ አዙራ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቆም አለች። ከኋላዋ ጅቡ ኮቴዋን ሰማና እግሩ ሳያስበው ተነሳ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቆም አለ። ትንፋሹ ጅራቷን ያሞቀዋል፤ እሱ ግን ከዚያ አላለፈም።

«ምን ቆመሃል፣ ዝለልባት እንጂ!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ።

«ዝምታዋ ላይ ነኝ!»

«ብላት እኮ ነው የምልህ! ብላት!»

«ምት አይበላም ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?» አለ አያ ጅቦ ተቆጥቶ። «አሁን ዝም በል፣ ታበላሸኛለህ!»

ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቆም። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቆም። ሁለቱ እንዲህ እየረገጡ ከመንደሩ አጥር ደረሱ። አህያ ሦስተኛዋን ረግጣ በሩን አለፈችና ውስጥ ቆመች። ቆማም ቀረች። አያ ጅቦ ግን ደጃፉ ላይ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጣዩን ምት ይጠብቃል።

ቀጣዩ ምት አልቀረበትም። በር ሊዘጋ የወጣው ገበሬ፣ በዱላው ጀርባው ላይ «ቋ!» አደረገለት።

ከዚህ የምንማረው፣ ፈርቶም ቢሆን እርምጃውን ያላፋለሰ የሚያሳድደውን እንኳ በራሱ ልክ ሊያስኬደው እንደሚችል ነው።