ጠረኗን የሰጠች ንግሥት

እስቲ ጠጋ በሉ። የመጣ ይቀመጥ፣ የተቀመጠ ይስማ፣ የሰማ አይርሳ። አንተ ግድግዳውን የተደገፍከው፣ ዛሬ አንቀላፍተህ ነገ "መጨረሻው ምን ሆነ?" ብትለኝ አልነግርህም። በሉ ተረቴን ተቀበሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዛፉም ቀፎውም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ ዋንዛ ላይ የተሰቀለ አንድ ቀፎ ነበር። ከቀርቀሃ የተሠራ፣ በእበት የተመረገ ሽማግሌ ቀፎ ነው። ነጭናጫ ነበር። ነፋስ ሲመጣ ያጉረመርማል፣ ፀሐይ ስትበረታ ያጉረመርማል። ግን ሆዱ ውስጥ ንቦች ሞልተው ስለነበር ኑሮው ደስ ይለው ነበር።

የንቦቹን ንግሥት እቴጌ ይሏታል። ያን ሰሞን ግራሩ አብቦ ነበርና እቴጌ ብዙ ልጆች ወልዳ በየክፍላቸው አስተኝታቸዋለች። ክረምት ሲገባ አበባ የለም። ልጆቹ ክረምቱን የሚያልፉት በተጠራቀመው ማር ብቻ ነው። ማሩ ካለ ልጆቹ አሉ፤ ማሩ ከሌለ የሉም። ይህን ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው።

በሩን የምትጠብቀው ጠጅቱ ነበረች፣ የዘበኞቹ አለቃ። የንብ በር አንድ ሕግ አለው፤ የቤቱን ጠረን የያዘ ይገባል፣ ያልያዘ ይነደፋል። መልክ አይታይም፣ ስም አይጠየቅም። ጠጅቱ አፍንጫዋን ታስጠጋለች፣ በቃ። ንብ ደግሞ አንዴ ከነደፈች ትሞታለች። ስለዚህ ሳታጣራ የምትናደፍ ዘበኛ የለችም።

አንድ ቀን እንሽላሊት ግንዱን እየታከከ ወደ ላይ ወጣ።

"እቴጌ፣ ደህና አደሩ?"

"ደህና፣ እግዜር ይመስገን። ምን እግር ጣለህ?"

"ጉንዳን ከወንዙ ማዶ ታየ አሉ።"

"ማነው ያየው?"

"አሉ ነው የምልዎ እንግዲህ። እኔ ወሬውን ላድርስ ብዬ ነው።"

እቴጌ ደነገጠች። ጉንዳን ቀልድ አይደለም። ጉንዳን የገባበት ቀፎ ማርም ልጅም አይተርፈው። አበባ የሚቀስሙትን ንቦች ጠርታ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ግማሾቻችሁ በር ላይ ቁሙ" አለች።

የቀሳሚዎቹ ታላቅ አበቡ ትባላለች። "ግራሩ እንዲህ አብቦ ሳለ፣ እቴጌ?" አለች።

"ማሩን የሚወስድ ከመጣ ግራሩ ምን ያደርግልሻል?"

አበቡ ግማሾቹን ወደ በሩ ላከች። እቴጌም እውነቷን ነው፤ እኔም ብሆን እልክ ነበር። ነገር ግን በር ላይ ቆማ የምትውለው ንብ ስትበር ከምትውለው እኩል ትበላለች፣ ማታ የምታስገባው ደግሞ የለም። ቀፎው ሆዱ ሲቀለው ተሰማውና አጉረመረመ። ሁልጊዜ ስለሚያጉረመርም ማንም ልብ አላለውም።

እንሽላሊት ተመልሶ መጣ።

"እቴጌ፣ ጉንዳን ወንዙን ተሻገረ አሉ። ኩይሳው ጋ ደርሷል።"

"ዘበኞቼ ይበቁኛል?"

"እኔ ምን አውቄ። ግን የተርቦቹን አለቃ አያ ተርቦን ቢያማክሩ ምን ይመስልዎታል? ከዓለቱ ሥር ነው ያለው፣ ጎረቤትዎ ነው።"

እንሽላሊት ራሱ የሚኖረው እዚያው ዓለት ሥር፣ ከተርቦች ቤት አጠገብ ነበር። ይህን ግን አላነሳም፣ እቴጌም አልጠየቀችም።

አያ ተርቦ ወገቡን አጥብቆ፣ ክንፉን አስተካክሎ መጣ።

"እቴጌ፣ የእርስዎ ዘበኞች ጀግኖች ናቸው። ግን አንዴ ነድፈው ይሞታሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስናደፍ ውዬ ማታ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። በሰላሙ ጊዜ ወታደሮቼን ያብሉልኝ፣ በክፉ ቀን እደርስልዎታለሁ።"

እቴጌ እሺ አለች። የተርብ ጦር ከዛፉ ሥር ሰፈረ፤ በየጧቱ ማር ይወርድለት ጀመር። ለማውረድ ደግሞ ሌሎች ቀሳሚዎች ከአበባ ቀሩ።

እንሽላሊት ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ያን ቀን ሰላምታም አላቀረበም። "ጉንዳን የዋንዛው ሥር ጋ ነው አሉ" አለ።

አያ ተርቦ ተከትሎት በሩ ድረስ መጣ። "እቴጌ፣ ችግር አለብን። ጉንዳን ቢመጣ እኔ ልረዳዎት ስሮጥ ጠጅቱ ታቆመኛለች። የቤቱ ጠረን የለኝማ። እሷ ስታሸተኝ ጉንዳን ልጆችዎን ይጨርሳል። ሰሙ ላይ ልንከባለልና ጠረናችሁን ልያዝ።"

ይኼኔ ቀፎው ድምፁን ከፍ አደረገ።

"እቴጌ፣ ማሩን ይስጡት ግድ የለም፣ ማር ይተካል። ጠረንዎን ግን አይስጡ። በሩ ሌላ ቁልፍ የለውም።"

"አንተ ተሰቅለህ የምትውል፣ ስለ ጦር ምን ታውቃለህ?"

"የተሰቀልኩት ለናንተ ብዬ ነው" አለ ቀፎው። ከፋው።

እቴጌ ልጆቿን አየች፣ በሩን አየች፣ ፈራች። እናት ስትፈራ የማትሰጠው ነገር የለም። "ተንከባለሉ" አለች። ተርቦች ሰሙ ላይ ተንከባለሉ፣ ቤት ቤት ሸተቱ።

በማግሥቱ አንድ ተርብ በሩ ላይ ደረሰ። ጠጅቱ አሸተተችው፤ የቤት ነው። "ወዴት ነው?" አለችው። "ለጥበቃ" አላት። ባዶ ሆዱን ገብቶ ተነፍቶ ወጣ።

ሁለተኛው መጣ። አሸተተችው፤ የቤት ነው። "ወዴት ነው?" "ለጥበቃ።" እሱም ተነፍቶ ወጣ። ጠጅቱ እስኪርቅ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። "አፍንጫዬ ወንድምሽ ነው ይለኛል፣ ዓይኔ ተርብ ነው ይለኛል" አለች ለጓደኞቿ።

"ሕጉ የአፍንጫ ነው" አሏት።

ሦስተኛው ገባ። ሲወጣ አፉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ጠጅቱ ቀረብ ብላ አየችው። የእቴጌ ልጅ ነው።

"አስቀምጠው።"

"የቤት ነኝ እኮ፣ አሽትቺኝ።"

"አሸተትኩህ" አለችና ነደፈችው። ተርቡ ወደቀ። ጠጅቱም አጠገቡ ወደቀች። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይከፋኛል። በዚያ ቤት ማየት የቀረላት እሷ ብቻ ነበረች።

ወዲያው አያ ተርቦ እየጮኸ መጣ።

"ወታደሬን ገደላችሁብኝ! የቤት ጠረን የያዘ አይነደፍም ብላችሁ አልነበረም? ውላችን የት አለ? አሁን ጦሬን ይዤ ልሂድ? ጉንዳኑን ብቻችሁን ቻሉት?"

እቴጌ የሞተችውን ጠጅቱን አየች፣ የልጇንም ሬሳ አየች። ነገሩ ገብቷታል። ነገር ግን ቀሳሚዎቿን ዘበኛ አድርጋለች፣ ዘበኞቿ አፍንጫቸውን ማመን አቅቷቸዋል፣ ጉንዳን ሥሩ ጋ ነው ተብላለች። ምን ይዛ እምቢ ትበል?

"ካሣ እከፍላለሁ። አትሂድብኝ" አለች። ለክረምት የታሸገው ማር ተከፈተ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሲጀምር ማሩ አለቀ። አያ ተርቦ ሊሰናበት መጣ።

"እቴጌ፣ ጉንዳን መጣ?"

"አልመጣም።"

"አያችሁ፣ ጠበቅናችሁ ማለት ነው" ብሎ ጦሩን ይዞ ሄደ።

እቴጌ ከክፍል ወደ ክፍል ዞረች። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፤ የምታጎርሳቸው የላትም። አንድ በአንድ ዝም አሉ። እቴጌ አለቀሰች። ንብ አታለቅስም የምትሉ ካላችሁ፣ ያን ቀን እዚያ አልነበራችሁም። ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ አበቡ የተረፉትን ሰብስባ፣ እቴጌን መሐል አድርጋ፣ ማንም ወደማያውቀው አገር ይዛቸው ተሰደደች። ቀፎው ብቻውን ቀረ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጉንዳን መጣ። የእውነት ጉንዳን፣ ግንዱን ያጠቆረ። መሪያቸው በበሩ አንገቱን አስገብቶ ቃኘ።

"አባባ ቀፎ፣ ማሩ የታለ?"

"አልቋል።"

"ልጆቹስ?"

"የሉም።"

"ማነው የቀደመን?"

"እናንተን እንዲከላከሉ የተቀጠሩት" አለ ቀፎው። "ወንዙን ተሻገሩ፣ ኩይሳው ጋ ደረሱ፣ ሥሩ ጋ ናቸው እየተባለ ስንት ጊዜ ተከፈላቸው።"

ጉንዳኑ ግራ ገባው። "እኛ? እኛ እኮ ዘንድሮ ከቤታችን አልወጣንም። ትናንት ጎርፍ ቢያፈርስብን ነው የተነሳነው።" ከዚያ አሸተተ፤ እንደገና አሸተተ። "አንተ ባዶ ነህ። ግን ልክ እንዳንተ የሚሸት ሌላ ቤት ከዓለቱ ሥር አለ ልበል?"

"አለ" አለ ቀፎው። "ጠረናችንን ይዘው ሄደዋል።"

ጉንዳኖቹ ዞረው ወደ ዓለቱ ወረዱ። እዚያ የሆነውን ገምቱት፤ እንሽላሊትም እዚያው ነበር። ቀፎው ግን ደስ አላለውም። ጠጅቱን አያስነሳለት፣ ልጆቹን አይመልስለት። ነፋስ ሲመጣ ባዶ ሆዱ ይጮህ ነበር እንጂ ማጉረምረሙንም ተወ።

ተረቴን ይኸው አስረከብኳችሁ፤ ለምትወዱት አውርሱት። ዘበኛ ማቆም ጥፋት አይደለም፣ ወዳጅ ማብዛትም ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ጠባቂው የሚጠብቀውን ከበላ፣ ወዳጁም የበራችሁን ምልክት ስጡኝ ካለ፣ ጠላት በየት በኩል ይመጣል ብላችሁ መንገድ መንገዱን አትዩ። ቤታችሁ ገብቷል።