የፊታውራሪ የዒላማ ሕግ

ፊታውራሪ ድፋባቸው የዒላማ ተኩስ ውድድር አሰናዱና ሕጉን ራሳቸው ደነገጉ። መኳንንቱ በአንድ ምድብ ሆነው፣ ትራስ ላይ ተቀምጠው፣ ጠመንጃቸውን ባላ ላይ አስደግፈው፣ እዚሁ አፍንጫቸው ሥር የተሰቀለ ቅል ላይ ይተኩሳሉ። ባላገሩ ደግሞ በሌላ ምድብ ቆሞ፣ ያለ ምንም ድጋፍ፣ ከወንዝ ማዶ የተሰቀለውን ይመታል።

የፊታውራሪ የመጀመሪያ ጥይት ሕዝቡ የተጠለለበትን ዳስ ምሰሶ ፈለጠች። ሁለተኛዋ ከተመልካቹ መሐል የነበረውን የጠጅ ጋን በረቀሰች። ቅሉ ግን ንቅንቅም አላለ።

«ነፋሱ ነው ጌታዬ፣ ነፋሱ!» አሉ አሽከሮቹ።

ቀጥሎ ተራው የደረሰው አንድ ምላሰኛ ጭሰኛ የማዶውን ቅል በአንድ ጥይት በተነው። ሕዝቡ በእልልታ ሲያቀልጠው ፊታውራሪ ቱግ አሉ።

«አዲስ ሕግ አውጥቻለሁ! ከባላገሩ ምድብ ያሸነፈ፣ እኔ ስተኩስ ቅሉን አናቱ ላይ ይዞ ይቆማል። ምነው፣ ፈራህ እንዴ?»

ሰውየው ወደ ዳሱ ዞር ብሎ አየና ቅሉን አናቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ።

«ምን ያስፈራኛል ጌታዬ! ብቻ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ሳይተኩሱ በፊት ሚስቴን ከተመልካቹ መሐል ላውጣትና እዚህ ከቅሉ ሥር አብራኝ ትቁም።»