ፍልፈልና ቦታ ያጣው ሸንጎ

ተረት ተረት፣ የግድብ መሠረት!

አራዊት ለበጋ ውሃ ለማቆር ተባብረው ግድብ ይሠሩ ነበር። ሕጋቸውም «ከሸንጎ ውጭ የተነገረ እንዳልተነገረ ይቆጠር» የሚል ነበር።

አንድ ቀን መሠረቱን የሚጠብቀው ፍልፈል፣ ውሃ ከሥር እየሸረሸረው እንደሆነ በመዳፉ ዳስሶ አወቀ። ደንግጦ ሸንጎው ወደሚቀመጥበት ዋርካ ሮጠ። ማንም የለም። ነገር ቶሎ የሚሰለቸው ዝንጀሮ፣ «ዋርካው አረጀ» ብሎ ሁሉንም ከግድቡ በታች ወዳለው ሜዳ ወስዷቸዋል።

ፍልፈል እያለከለከ ሜዳው ሲደርስ፣ ለፍላፊዋ እንቁራሪት «ኩሬው ይሻለናል» እያለች ትሟገታለች።

«ጎበዝ፣ ግድቡ ከሥሩ እየሄደ ነው!» አለ ፍልፈል።

«አያ ፍልፈል፣ የምንነጋገርበትን ቦታ ገና መች ወሰንን?» አለው ዝንጀሮ። «እስክንወስን ሸንጎ የለም፤ ያልከውም እንዳልተባለ ነው።»

«ታዲያ የት ልናገረው?»

«እሱን አይደል እንዴ የምንማከረው!»

ፍልፈል መዳፉን መሬቱ ላይ አሳረፈ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የተሰማው ለእሱ ብቻ ነበር።

ወዲያው ግድቡ ተደረመሰና ደራሽ ውሃ መጣ። የት እንሰብሰብ ብሎ ሳይጠይቅ፣ ዋርካ የወደደውንም፣ ሜዳ የወደደውንም፣ ኩሬ የወደደውንም አንድ ላይ ሰብስቦ ወሰዳቸው።