የወፍጮ ወቃሪው ብዕር

አንድ ሰው ነበረ፤ ወፍጮ ወቃሪ። ከገደል ድንጋይ ፈልጦ ያወርዳል፣ ወፍጮና መጅ ያወጣል፣ ያረጀውንም ወፍጮ በየቤቱ እየዞረ በመሮ እንደገና ይወቅራል። ወፍጮ ሲለሰልስ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አይፈጨውም፤ ስለዚህ ፊቱን ማቁሰል ያስፈልጋል። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ እያቆሰለ እንጀራውን ሲበላ ኖረ። ከዚህ የተነሣ ያልነከሰ ምልክት ምልክት አይደለም ይል ነበር።

ዙበይዳ፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «እናቴ ጉልበቷ ሳያልቅ በገዛ እጇ ጥቂት መስመር ታብሌቴ ላይ እንድትጽፍልኝ እፈልጋለሁ፣ የትኛውን ብዕር ልግዛ?» ነው ያልሽኝ። ባለሱቁ በዓይነት በዓይነቱ ዘርግቶልሽ፣ ወንድምሽም ጠንካራውን ውሰጂ ብሎሽ፣ ግራ ገብቶሽ መጣሽ። ይህ ሽማግሌ ስለ ታብሌት ምን ያውቃል ብለሽ በሆድሽ እንዳትስቂ። እኔ የማውቀው እንጨት ላይ የሚጻፈውን ነው። ቁጭ በይና ስሚ፤ አጭር ነው፣ ግን አያስቅም።

ሰውየው አንድ ልጅ ብቻ ነበረው፤ ኑርሁሴን ይባላል። ልጁ የአባቱን መዶሻ አልወደደም። ጢሙን ሲያቀመቅም ደረሳ እሆናለሁ ብሎ ወንዝ ተሻግሮ አንድ ሼህ ዘንድ ገባ። እዚያ ደረሳ ሁሉ ሉህ ይይዛል። ሉህ ከዋንዛ የሚጠረብ ስስ ሰሌዳ ነው። ደረሳው በመቃ ብዕር፣ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም የዕለቱን የቁርአን ትምህርት በዓረብኛ ፊደል ይጽፍበታል። በቃሉ እስኪይዘው እያነበበ ይቀራበታል፣ ከዚያ በውኃ ያጥበውና ሌላ ይጽፋል። እጣቢው መንገድ ላይ አይደፋም። ቃል ያለበት ውኃ ነውና ወይ ይጠጣል፣ ወይ እግር የማይረግጠው ቦታ ይፈስሳል።

አባትየውን ይህ ነገር አልዋጥልህ አለው። ልጁ ለአረፋ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲመጣ ያሾፍበት ነበር።

«ዛሬ ጽፈህ ነገ የምታጥበው ከሆነ ምኑን ጻፍከው?» አለው አንዴ። መቃውን ተቀብሎ በጣቶቹ መሃል አጎበጠው። «ይሄ እኮ ዝንብ ለማባረርም አይሆን!»

«ሉሁ እንዲህ ያለውን ነው የሚወደው፣ አባዬ» አለ ኑርሁሴን እየሳቀ። «ሲጠነክርበት ይከፋዋል።»

«እንጨት ደግሞ ይከፋዋል?»

«ተወው እስቲ ልጄን፣ ገና አረፍ ሳይል» ብላ እናትየዋ ገላገለቻቸው። ሦስቱም ሳቁ። አብረው የሳቁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አልሆነም።

በዚያው ዓመት ንዳድ ገባ። ደረሶቹን ተራ በተራ አጋደማቸው። አንዳንዱ ተነሣ፤ ኑርሁሴን አልተነሣም። ጓደኞቹ ቀብረውት ሲያበቁ ዕቃውን ለወላጆቹ ይዘው መጡ። ዕቃ ስል ያው የደረሳ ዕቃ ነው፤ አንድ ጋቢ፣ መቃው ያለበት የቆዳ ከረጢት፣ ከዚያ ሉሁ። ሉሁ ላይ የመጨረሻው ትምህርቱ ሳይታጠብ ቀርቷል። ጽፎት ነበር፤ በቃሉ ሳይዘው ሞተ።

ሼሁ በደረሶቹ አፍ መልእክት ልከው ነበር። «ይህን ማጠብ ለእኔ አልሆነልኝም። ብትፈልጉ እጠቡትና ጠጡት፤ ልጃችሁ የጀመረው እናንተ ውስጥ ይግባ። ብትፈልጉ ደግሞ ከእርጥበት አርቃችሁ ስቀሉት። ካልነኩት ቀለሙ ይቆያል። የደበዘዘ እንደሆነ ወደ እኔ አምጡት፤ በራሱ በመቃው አደምቀዋለሁ።»

እናትየዋ ማጠቡን ልቧ እንቢ አላት። ማንበብ አታውቅም፤ ባሏም አያውቅም። የልጇን እጅ ግን ታውቀዋለች። ከፊደሎቹ አንዷ ጅራቷ ከሌሎቹ ረዘም ብሎ ወደ ላይ ይጠማዘዛል፤ ኑርሁሴን ሕፃን ሆኖ መሬት ሲጭርም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሉሁን ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ጠዋት ስትነሣ ፊቱ ትቆምና ጣቷን አስጠግታ፣ ሳትነካው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ትከተለዋለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ባሏ ይህን ከመደቡ ላይ ሆኖ ያያል። ለቅሶው ላይ እንባ አላወጣም። ድንጋይ ሲወቅር ኖሮ ድንጋይ ሆነ ብለው አሙት። ውሸት ነው። ኀዘኑ መውጫ አጥቶ እጁ ላይ ነበር የተቀመጠው፤ እጁ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው።

ክረምት ሆነ። አንድ ቀን ዝናቡ ጣሪያውን አልፎ በምሰሶው ወረደ። እናትየዋ ስትደርስ አንዲት ጠብታ በሉሁ ጠርዝ ተንሸራትታ የመጨረሻውን መስመር ጫፍ ይዛው ሄዳለች። ልጇ ሲሞት ያልጮኸችውን ጩኸት ያን ጊዜ ጮኸች።

«ዳግመኛ ሞተብኝ!» አለች። «እዚሁ ዓይኔ እያየ!»

ባሏ ቆሞ ያያት ነበር።

በማግስቱ ጎረቤት ለቅሶ ነበረባትና «ይህን ጣሪያ ድፈንልኝ» ብላው ወጣች። ጣሪያውን ብቻ ነው የጠየቀችው።

እሱ ጣሪያውን ደፈነ። ሲወርድ ሉሁን ከምሰሶው አነሣና ደጃፍ ላይ፣ ድንጋይ በሚወቅርበት ቦታ ተቀመጠ። ከከረጢቱ መቃውን አወጣ። ጫፉ ላይ የልጁ ቀለም ደርቋል። ሼሁ ያሉት ትዝ አለው። ወንዙ ግን ሞልቷል፤ ቢሻገርስ ሌላ ክረምት አይመጣም? ሼሁ ያደመቁትን ውኃ መልሶ አይወስደውም? መቃውን እንደዚያን ቀን በጣቶቹ አጎበጠው። ልጄን በአንዲት ጠብታ የሚታጠብ ያደረገው ይሄ ልፍስፍስ ነገር ነው አለ በልቡ። መልሶ ከተተውና ከመሮዎቹ ሁሉ ቀጭኑን መረጠ። ሳለው፤ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረው። በንዴት አልነበረም፣ ዙበይዳ። ይህን ልብ በይልኝ፤ በፍቅር ነው ያደረገው።

በመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ብረቱን አስነከሰ። እንጨቱ እሺ አለለት፤ ደስ አለው። ሥራ የለመደ እጅ ስለሆነ ከመስመሩ የወጣ አልመሰለውም። ብረቱ በሄደበት ብናኝ ይነሣል፤ እሱም ድንጋይ ሲወቅር እንደሚያደርገው ጎንበስ እያለ በአፉ እፍ ይለዋል። ይነክሳል፣ እፍ ይላል። ደግሞ ይነክሳል፣ ደግሞ እፍ ይላል። ብናኙ ጥቁር መሆኑን አላስተዋለም። ዓይኑ የመስመሩን መጥለቅ ብቻ ነበር የሚያየው።

ጨርሶ አፉን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ እጁ ጠቆረ። ከንፈሩን ዳሰሰ፤ ጥላሸት ነው። ሉሁን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ አየው። ቀለም የሚባል አልቀረበትም። የልጁን ጽሑፍ አንድ በአንድ ፍቆ በገዛ ትንፋሹ በትኖታል። እንጨቱ ላይ ያለው የራሱ እጅ ነው፤ ጥልቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ወፍጮ ላይ እንደሚያወጣው ያለ። ሉሁም ከብዙ ደረሳ እጅ ያለፈ፣ በመታጠብ ብዛት የሳሳ ነበርና መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል።

ሚስቱ ተመለሰች። ገና ከደጅ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና «እጅህ ይባረክ» አለችው። ከዚያ ባዶውን ምሰሶ አየች፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ ያለውን። ወሰደችውና እንደ ወትሮዋ ጣቷን አስጠግታ ከቀኝ ጀመረች። ጅራቷ የሚጠማዘዘው ፊደል ዘንድ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የእጁ ልማድ ጅራቱን አቃንቶት ነበር።

«የልጄን እጅ የት አደረስከው?» አለችው።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ እንደጠቆረ ነበር።

ወንዙ ሲጎድል ሉሁን አቅፎ ሼሁ ዘንድ ሄደ። ሼሁ ተቀብለው አገላበጡት፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

«አይነበብም» አሉት።

«እንግዲያው ይታጠብና እኔና እናቱ እንጠጣው።»

«ምኑ ይታጠባል ወንድሜ? ቀለም የለበትም።»

«ለሌላ ደረሳስ? ሌላ ልጅ ቢቀራበት?»

«ከእንግዲህ በዚህ ላይ አይጻፍም።»

ያን ጊዜ አለቀሰ። ልጁ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሼሁ አይዞህ አላሉትም፤ አጠገቡ ተቀምጠው እስኪበቃው ጠበቁት።

ሚስቱ አልፈታችውም፣ አልረገመችውም። መቃውን ከነደረቀ ቀለሙ በጨርቅ ጠቅልላ ራስጌዋ አኖረችው፤ ከልጇ እጅ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። ሰውየውም ወፍጮ መውቀሩን አልተወም፤ መብላት ግድ ነውና። ከዚያ ወዲህ ግን የድንጋይ ብናኝ በአፉ እፍ ሲል ያየው የለም። ውኃ በቅል ያስቀርብና ያጥበዋል። ባለወፍጮዎቹ ምነው ሥራ ታበዛለህ ሲሉት ቅሉን አንሥቶ ማጠቡን ይቀጥላል።

እንግዲህ ዙበይዳ፣ ያ ሰው ብዕር መረጠ። ፊቱ መቃም ብረትም ነበረ፤ ጠንካራውን አነሣ፤ ወንድምሽ ላንቺ እንዳለሽ። የብዕሩን ስለት ሞከረ፤ ከሥሩ ያለውን እንጨት ግን አንተ የትኛውን ትችላለህ ብሎ አልጠየቀውም። ልጁ እኮ ነግሮት ነበር፤ በሳቅ አለፈው። ያው መሮ ወፍጮ ላይ ቢሆን የሚያኮራ ነበር፤ ሉህ ላይ ነው ጥፋት የሆነው። ያንቺም ታብሌት እንደዚያው ነው። አንዱን ብዕር ይሰማዋል። ሌላውን ቀኑን ሙሉ ብትጨቀጭቂው አይሰማውም። አንዳንዱም ፊቱን ጭሮብሽ ይቀራል። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ባለሱቁም ታብሌቱን ሳያይ ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው ታብሌቱ ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ። ሱቅ ስትሄጂ ይዘሽው ነበር?

አየሽ፤ ቤት ትተሽው ብዕር ልትመርጪ ሄድሽ። በይ ተነሺ። ይዘሽው ሂጂና ባለሱቁ ፊት አስቀምጪው፤ እሱ የተቀበለውን ግዢ፣ ለዓይንሽ ልፍስፍስ ቢመስልሽም። ነገ አትበዪ፤ አሁን ሂጂ። ታብሌት ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ እናትሽ ግን ሁለተኛ አትጽፍልሽም።