ቅል የተባለችው እናት

ጓንጉል ይባላል። ባለጸጋ ነበረ፤ አንዲት አልቃሽን በእናቱ ቀብር ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት ያዋረደው እሱ ነው።

ትርንጎ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። እንግሊዞች ረጋ ያለውን ሰው «እንደ ኪያር የቀዘቀዘ» ይላሉ፤ ኪያርና ሰውን ምን አገናኛቸው፣ በእኛስ ቋንቋ ምን ብዬ ልተርጉመው ነው ያልሽው። መልሱ ያለው ጓንጉል ደጅ ነውና ዝም ብለሽ ስሚ።

አልቃሿ በዚያ ቆላ አገር በሙሾዋ የታወቀች ነበረች። ሰው ሞተ ሲሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወዲያው አትሮጥም። መጀመሪያ ከሟቹ ቤት ትገባና ጎረቤቶቹን ታፋጥጣለች።

«ምን ትመስል ነበር?» አለች፣ የጓንጉል እናት በሞተችበት ዕለት።

«ደግ ነበረች» አሏት።

«ሲሞትማ ማን ደግ ያልሆነ አለ! በምን አወቃችሁ?»

 ከሴቶቹ አንዷ በአገጯ ወደ ደጃፉ አመለከተችና ነገረቻት። ቤቱ ወደ ገበያ የሚያስወጣው ዳገት አፋፍ ላይ ነው። ሟቿ ከሙሽርነቷ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንስራ ሞልታ በሩ ላይ ታኖራለች፤ ቅል ከላዩ ትደፋበታለች። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ጠጥቶ፣ ቅሉን መልሶ ደፍቶ ይሄዳል። በዚያ አገር ደግሞ ሸክላ ሠሪ ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ዕቃ አይጠጣም ነበር። ቡዳ ነው ይሉታል፤ ወይ ለብቻው ገል ያቀርቡለታል፣ ወይ ጎንበስ ብሎ በእፍኙ እንዲጠጣ ያንቆረቁሩለታል። እንስራውን የሠራው እሱ፣ ከእንስራው የማይጠጣውም እሱ! ሟቿ ግን ዕቃ አልለየችም። አንድ ቅል ነበር፤ ሁሉ በእሱ ጠጣ።

አልቃሿ ይህን ስትሰማ «በቃኝ» ብላ ተነሣች። ቀብሩ ላይ ደረሰችና ደረቷን እየመታች አወረደች፤

«ደጅሽ የደረሰ መች ሄደ ተጠምቶ፣
እንደ ቅልሽ ነበርሽ ለሁሉ ተሞልቶ።»

ሰው ገና ትንፋሹን ሲስብ ጓንጉል ፊቱ ደም ለብሶ ከመካከል ወጣ።

«አንቺ ሴትዮ! እናቴን ቅል አልሻት? የእኔን እናት? ጭንቅላቷ ባዶ ነበር ነው የምትዪኝ?»

«ኧረ ጌታው፣ በርዎ ላይ ያለውን...»

«ዝም በይ! አንበሳ ጠፋ? ወርቅ ጠፋ? ባሕር ጠፋ? ይህችን ምላሰኛ አውጡልኝ!»

ሁለት አሽከሮች ክንድና ክንዷን ይዘው ከለቅሶው አወጧት። ለአልቃሽ ይህ ከሞት አንድ ነው። ከለቅሶ የተባረረችን ሴት ሁለተኛ ማንም ለሙሾ አይጠራትም፤ ስሟ ተበላሸ ማለት ጉሮሮዋ ተዘጋ ማለት ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ቤቷ ገብታ ትደበቅ ነበር። እሷ ግን ኩሩ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ለብቻቸው ከቆሙበት ቦታ፣ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠችና «እስቲ አንበሳውን እንስማው» አለች።

ጓንጉል ሌላ አልቃሽ አስነሣ። ያቺም የታዘዘችውን አወረደች፤ እንደ አንበሳ የምታገሺ፣ እንደ ባሕር የሰፋሽ፣ እንደ ወርቅ የምታበሪ እያለች። ሟቿ ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ እንኳ ተቆጥታ አላባረረች። ባሕር ያየ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም የለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ፤ የሚያብሱት እንባ ኖሯቸው አይደለም፣ የደረቀ ዓይናቸውን ሲሸሽጉ ነው። አንድ ሽማግሌማ አዛጋ። እናት ሳይለቀስላት አፈር ልትገባ ነው፤ ለልጅ ከዚህ የከፋ ውርደት ከየት ይመጣል? 

ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጪ አንዲት ሸክላ ሠሪ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ የለበሰ አሮጊት፣ «ወይኔ ቅሌ!» ብላ ጮኸች። «እንግዲህ በማን ደጅ ቀና ብዬ ልጠጣ! ቅሌ ተሰበረችብኝ!»

በቃ። የታፈነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተናደ። ከዚያ ደጅ ያልጠጣ አልነበረም፤ የውሃው ቅዝቃዜ ለሁሉም ከንፈሩ ላይ መጣበት። ወንዶቹ ሳይቀሩ ተነፋረቁ። ሁለተኛዋ አልቃሽ ራሷ አንበሳዋን ጥላ «ወይኔ ቅሌ!» አለች። ጓንጉልም በልጅነቱ ከጨዋታ ሮጦ ሲመጣ እናቱ የምታስጎነጨው በዚያው ቅል ነበርና ከሕዝቡ ጋር አለቀሰ። ኋላም በገዛ እግሩ ከአጥሩ ወጣ። ሕዝብ እያየው አልቃሿ ፊት ቆመ።

«እመት፣ በድያለሁ። ይግቡና ይጨርሱልኝ።»

«እኔ ምኑን ልጨርስ? የቅሉ ባለቤት ጨርሳዋለች» አለች ወደ ሸክላ ሠሪዋ እያየች። «ካስገባህ ሁለታችንንም አስገባ።»

አስገባቸው። ጎን ለጎን ቆመው አወረዱ፤ ካህናቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው እያሉ ቢያጣድፉም የሚሰማቸው አጡ።

እንግዲህ ትርንጎ፣ ኪያር ማለት የእንግሊዞች ቅል ነው። መቼም አንዱ በሐሩር ቀን ጓሮው ገብቶ፣ ቆርጦ፣ ጉንጩ ላይ ለጥፎት ቀዝቅዞ አግኝቶታል፤ ጎረቤቱም ያንኑ ስለሚያውቅ ሲባል ገብቶታል። ስለዚህ አትሳቂባቸው። ነገር ግን ኪያሩን እንዳለ ተሸክመሽ ብታመጪልን ጓንጉል በባሕሩ እንዳደረገው ነው፤ የሚስቅልሽም የሚያለቅስልሽም አታገኚ። ቃሉን ተዪና ሰውየውን እዪው። ከዚያ ሰሚሽ በእጁ የነካውን ነገር ፈልጊለት። ሰሚሽ ቆለኛ ከሆነ «ጥላ ሥር እንደዋለ እንስራ» በዪው፤ ቅዝቃዜ ምን እንደሆነ ከዚያ ያውቀዋል። የሚመስለውን ካጣሽለት ደግሞ ቋንቋው አንሶሽ አይደለም፤ ሰውየውን ገና አላወቅሽውም። ተመለሺና ጎረቤቶቹን ጠይቂ።

አልቃሿስ አትዪኝም? ለካ እሷም እንደ አገሬው ለሸክላ ሠሪ የለየችው ገል በጓዳዋ ነበራት። በማግስቱ ጠዋት ገሉን አውጥታ ድንጋይ ላይ ከሰከሰችውና፣ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ወርዳ ያቺን አሮጊት «ውሃ አጠጪኝ» አለቻት፤ በሰጠቻትም ዕቃ፣ የዕቃውን አፍ ሳትጠርግ፣ ጠጣች።