ሦስት ዓርብ የታየው ቤት

በእኛ ከተማ «ቤት ልገዛ ነው» የሚል ሰው ካለ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሳቅ ብሎ አንድ አባባል ጣል ያደርግበታል። የሚሰማው ሰው ከጥንት የመጣ ተረት ይመስለዋል። አይደለም። የተተረተበት ሰው ዛሬም በጤና አለ፤ ሲተረትበት አብሮ ይስቃል፤ ትንሽ ዘግይቶ ቢሆንም።

ሰውየው ይርዳው ይባላል፤ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ ነው። ባለቤቱ ውብአየሁ ነርስ ናት። ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። ትተኛለች ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ የተከራዩት ክፍል ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። አንድ ጠዋት ከሥራ ተመልሳ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ይርዳው፣ ዛሬ የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለሌላው ልሰጥ ነበር። እጄን ከዘረጋሁ በኋላ ነው የነቃሁት» አለችው። «እንቅልፍ ካላገኘሁ አንድ ቀን ሰው እገድላለሁ።»

ይርዳው ደነገጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ጸጥታ።

ጌጡ የሚባል ደላላ በገበያው መሀል፣ ከአንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት አገኘለት። ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ ታክሲው ከደጅ ይቆማል፤ ውብአየሁ የምትሠራበት ሆስፒታል በእግር ዐሥር ደቂቃ ነው። ይርዳው «ገበያ» ሲባል ቅር ቢለውም ሊያየው ሄደ።

የሄደው ዓርብ ነው። ቅዳሜና እሑድ ዲግሪውን ይማራል። በሌላው ቀን ደግሞ የምሳ እረፍቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ዓርብ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ያርፋል። ይርዳው በዚህ ረጅም እረፍት ዐሥራ አንድ ዓመት ተጠቅሟል፤ ለምን እንደሚረዝም ግን አንድ ቀን ቆም ብሎ አስቦ አያውቅም።

ሲደርስ የሱቆቹ መዝጊያ ሁሉ ወርዷል። አንዲት ድመት ሳትቸኩል አስፋልቱን ትሻገራለች። ሁለተኛ ፎቅ ወጥቶ መስኮቱን ከፈተ፤ የእጅ ሰዓቱ ሲቆጥር ተሰማው።

«ጌጡ፣ ሰፈሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«በዚህ ሰዓት? ሁልጊዜ!» አለ ጌጡ። አልዋሸም።

ይርዳው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ በማየት አልረካም። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛውም ሳምንት መጣ፤ ያን ቀን እንዲያውም ወለሉ ላይ ተጋድሞ ዐይኑን ጨፈነ። ጌጡ ባይቀሰቅሰው ከቢሮ ያረፍድ ነበር።

ማታ ለውብአየሁ ሲነግራት፣ «ጠዋት አይተኸዋል? እኔ የምተኛው እኮ ጠዋት ነው» አለችው።

«ጠዋት ከቢሮ ማን ያስወጣኛል? ሦስቴ አየሁት እያልኩሽ! ሦስቴ ያየ ሰው ይሳሳታል?»

ሌላም ጥያቄ ነበራት፤ ግን መሀሉ ላይ እንቅልፍ ጣላት።

የዓመታት ዕቁባቸው ወጣ፤ የውብአየሁ ወርቅ ተሸጠ። ውሉን ተፈራረሙና እሑድ ዕለት፣ ገበያው ዝግ በሆነበት ቀን ገቡ። ሰኞ ጠዋት ውብአየሁ ከሥራ ተመልሳ መጋረጃውን ጋረደች፤ አዲሱን አንሶላ እስከ አገጯ ሳበች፤ «ተመስገን» አለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከታች አንድ መዝጊያ እየተንጓጓ ተከፈተ። ከዚያ አንድ መዶሻ ተሰማ። ቀጥሎ ዐሥር። ከዚያ በኋላ መቁጠር አልተቻለም። ከሕንጻው ሥር ያለው በሙሉ ከበርሜል ምድጃ፣ ከቆርቆሮ ባልዲ የሚሠሩ ቀጥቃጮች ተራ ኖሯል!

በሌሊት ልብሷ ላይ ነጠላ ደርባ ወረደች። የመጀመሪያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ሐጂ ሙዘይን በርሜል በመዶሻ ይመታሉ፤ ሠላሳ ዓመት እዚያው የቀጠቀጡ ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚቆመው?»

«ምኑ?»

«መዶሻው!»

«እ፣ መዶሻው! ከእሑድ በቀር፣ ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ስንዘጋ ብቻ ይቆማል፣ ልጄ። ከመስጊድ ስንመለስ እንቀጥላለን።»

ውብአየሁ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ሐጂ ውሃ ይምጣላት ብለው ጎረቤት ጠሩ።

ማታ ይርዳው ሲገባ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ሦስቴ አየሁት አላልከኝም?»

«ሦስቴ! እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ ሦስቴ!»

«ያንኑ አንዱን ሰዓት ነው ሦስቴ ያየኸው።»

ከዚያ በኋላ ውብአየሁ እንቅልፏን ፍለጋ ጠዋት ጠዋት በሁለት ታክሲ ወደ እህቷ ቤት ትሄድ ጀመር። ግማሹን እንቅልፍ የምትጨርሰው ታክሲ ውስጥ ነው። ወር ሳይሞላ ዐይኗ ሥር ጠቆረ፤ የመድኃኒት ስም ሁለቴ ሦስቴ ማንበብ ጀመረች። ይርዳው ይህን ማየት አልቻለምና ወደ ጌጡ ደወለ።

«ገዢ አምጣልኝ። ዓርብ፣ በስድስት ተኩል።»

«ገባኝ» አለ ጌጡ።

የመጣችው ገዢ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ነበረች። ደረጃውን እያረፈች ወጣች፤ መስኮቱ ጋ ቆማ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ አዳመጠች።

«እንዴት ደስ ይላል! ሕፃን የሚያስተኛ ቤት ነው። ጫጫታ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው?»

ጌጡ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። ይርዳው «እንግዲህ... እንደምታዪው...» ብሎ ወደ ጫማው አቀረቀረ።

ውብአየሁ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። እሷም ዝም ብትል ቤቱ በዚያው ሳምንት ይሸጣል፤ እሷም አንድ ጸጥ ያለ ቦታ አልጋ ትዘረጋለች። ይህን አሳምራ ታውቃለች። የልጅቷን ሆድ አየች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ወደ ታች ተጣራች።

«ሐጂ!»

ሐጂ ሙዘይን ሱቃቸውን ቆልፈው፣ ነጭ ለብሰው ወደ መስጊድ ሊሄዱ ነበር። ቀና አሉ።

«ይህች እህቴ ቤቱን ልትገዛ ነው። ጫጫታ የለም ወይ ትላለች። እርስዎ ይንገሯት፤ እኛ አፋችን ተያዘ።»

ሐጂ ልጅቷን አዩ። ከኋላዋ አንገቱን የደፋውን ይርዳውንም አዩ፤ ሦስት ዓርብ ወደ መስጊድ ሲሄዱ በባዶ መንገድ እየተንጎራደደ ሲፈነድቅ ያዩት ሰው መሆኑን ያን ጊዜ ለዩት። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ መንገዱ ጭር ብሎ ነበርና ድምፃቸው ጥርት ብሎ ፎቅ ድረስ ወጣ፦

«ገበያን በጁምዓ ሰዓት ያየ፣ ሜዳ መስሎት ጎጆ ቀለሰ!»