በገዛ በርጩማው ካልሆነ የማይቀመጠው አያ ሽበሺ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። በረት የለም! አያ ሽበሺ አፍርሶታል። ለምን ቢሉ፣ በርጩማ ሊሠራ።

አያ ሽበሺ በእጁ ያልሠራው ነገር አያስደስተውም። አንድ ቀን ሚስቱ ይመኙሻል «ገበያው ሙሉ በርጩማ ነው፤ አንዱን ግዛና እንረፍ» ብትለው ደሙ ፈላ።

«ይመኙሻል ትሙት፣ በገዛ እጄ ከሠራሁት በርጩማ በቀር አልቀመጥም!»

በሚወዱት ሰው ከማሉ ወዲያ ቃል ማጠፍ የለ። ጉልበቱ ሸብረክ ባለ ቁጥር ይመኙሻል ትጮኻለች፦ «ቁም! በእኔ ነው የማልከው! ልትገድለኝ ነው?»

ቆሞ በላ፣ ቆሞ ተኛ። እግሩ አብጦ የደብር ከበሮ አከለ። ወፍ አናቱ ላይ ጎጆ ሠርታ ሦስት ጊዜ ፈለፈለች፤ ቆጥሬያለሁ።

ግንድ ጎትቶ አመጣ። መጥረቢያውን አንድ ቅል ቅቤ አጠጣና «ግንዱን ጥረብልኝ» አለው። መጥረቢያ ቅቤውን ልሶ ሲያበቃ «ግንዱ ምን አደረገኝ?» አለ። መጥረቢያ ግንድ አልጠርብም አለ፤ አያ ሽበሺ እንደቆመ ቀረ!

ወደ እሳት ሄደ። በረቱን አፍርሶ አበላው። «መጥረቢያውን አቃጥልልኝ!» እሳት በረቱን ቅርጥፍ አድርጎ በላና «እንጨት ፈልጦ የሚያበላኝን?» አለ። እሳት መጥረቢያ አላቃጥልም፣ መጥረቢያ ግንድ አልጠርብም አለ፤ አያ ሽበሺ እንደቆመ ቀረ!

ወደ ወንዝ ወረደ። የዓመት ጨዉን ገለበጠለት። «እሳቱን አጥፋልኝ!» ውሃ ጨዉን አሟምቶ «አልነካኝም፣ አልነካውም» አለ። ውሃ እሳት አላጠፋም፣ እሳት መጥረቢያ አላቃጥልም፣ መጥረቢያ ግንድ አልጠርብም አለ፤ አያ ሽበሺ እንደቆመ ቀረ!

ጎረቤቱ ቢሻው በአጥር ብቅ አለ። «አያ ሽበሺ፣ በዚህ ሁሉ ሀብት እኮ ያገሩን በርጩማ ትገዛው ነበር!»

«መግዛት ያማረው ይግዛ! እኔ ሠሪ ነኝ!»

የቤቱን የሣር ክዳን ገፎ በሬውን አበላ። «ውሃውን ጠጣልኝ!» በሬ ሣሩን እያመነዠከ «አልጠማኝም» አለ። በሬ ውሃ አልጠጣም፣ ውሃ እሳት አላጠፋም፣ እሳት መጥረቢያ አላቃጥልም፣ መጥረቢያ ግንድ አልጠርብም አለ፤ አያ ሽበሺ እንደቆመ ቀረ!

ሳይምል በፊት ይተኛበት የነበረውን አጎዛ ለቀንበር አለበሰው። «በሬውን ተጫንልኝ!» ቀንበር አጎዛውን ተከናንቦ «ዛሬ ሚካኤል ነው፤ በሬ አይጠመድም» አለ። ቀንበር በሬ አልጫንም፣ በሬ ውሃ አልጠጣም፣ ውሃ እሳት አላጠፋም፣ እሳት መጥረቢያ አላቃጥልም፣ መጥረቢያ ግንድ አልጠርብም አለ፤ አያ ሽበሺ እንደቆመ ቀረ!

ምስጥን ለመነ። «ቀንበሩን ብላልኝ!»

«መጀመሪያ የቤቱን ምሰሶ!» አለ ምስጥ።

«ውሰድ!»

ይሄኔ ይመኙሻል አንድ እንቅብ አመድ ይዛ ደረሰች። «ምሰሶዬን? እሱ ቢቀመጥ በመሐላው እሞታለሁ፤ ምሰሶው ቢወድቅ ቤት ተጭኖኝ እሞታለሁ! እንግዲያው በፊት እናንተን በአመድ ልፍጃችሁ!»

ምስጥ አመድ ሲያይ ነፍሱ አይቀርለትም። ምስጥ ቀንበር ልብላ አለ፣ ቀንበር በዓሉን ረስቶ በሬ ልጫን አለ፣ በሬ ውሃ ልጠጣ አለ፣ ውሃ እሳት ላጥፋ አለ፣ እሳት መጥረቢያ ላቃጥል አለ፣ መጥረቢያም «ኧረ ግንዱ የታለ!» ብሎ አያ ሽበሺ እጅ ላይ ዘለለ።

አያ ሽበሺ ጠረበ፣ ጠረበ፣ ጠረበ። በርጩማው ሦስት እግር አወጣ፤ ሁለቱ አይስማሙም። ተቀመጠ። «እፎይ!» ሲል የወጣው ትንፋሽ ሰባት ባሕር ዛፍ ነቀለ።

«ያነክሳል እኮ!» አለ ቢሻው።

«ያነክስ! ያነከሰውም በእጄ ነው!»

ይመኙሻል ዙሪያውን ዞረችው። «እስቲ ተነስ፣ ልሞክረው።» ተቀመጠች። ወዲህ ወዲያ ተወዛወዘች። ፈገግ አለች።

«በይ ተነሺ» አላት።

«አልነሳም። ለራስህ ሌላ በርጩማ ሥራ!»

አያ ሽበሺ ፊቱ እንደ አዲስ ሙሽራ በራ። መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጣለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤትህ ክዳን የለውም!» ብሎ ጮኸ ቢሻው።

«ክዳን አትንገረኝ፤ ጥሩ ግንድ የት እንዳለ ንገረኝ!»

ተረቴ ይኸው ነው፤ ያላመነኝ በርጩማ ሠርቶ ይየው።